ዘንድሮን እንለፈው

ዊምብረል ኮርት፣ ቤት ቁጥር 214፣ ፍሎሪዳ
ጃንዋሪ 22፣ 2023

ይድረስ ለወንድሜ ለዴልበርት፤

እንደምን ከረምክ? «ከጆሮዬ በቀር ምንም አልጎደለኝም» ብለህ የጻፍከውን አንብቤ ደስ አለኝ። ጉልበትህን ግን ዘለልከው። አንተ አንድ ነገር ስትዘል አውቅብሃለሁ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ።

ለገና ካርድ ሳልልክልህ በመቅረቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ረስቼህ አይደለም። ዲሴምበርን ሙሉ እጄ ብዕር አላነሳ ብሎኝ ነው።

«ጋዜጣ ላይ የወጣው ሕንፃ ያንቺ ነው ወይ?» ላልከኝ፣ አዎ፣ የኛው ነው። በፎቶው ላይ በግንድ ተደግፎ ያየኸው ምሰሶ እኔ መኪናዬን ከማቆምበት ፊት ለፊት ያለው ነው። ባሕር ዳር ያለ ሕንፃ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ይመርመር ስለተባለ በኖቬምበር መሐንዲስ መጣ። ምሰሶውን በመዶሻ ኳ ኳ ሲያደርገው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። የባሕሩ ጨው ገብቶ ውስጡ ያለውን ፌሮ በልቶታል። ሊፍቱንም ዘጉት። አሁን የገበያ ዕቃዬን ይዤ በደረጃ ነው የምወጣው።

የከበደኝ ሌላው ጥያቄህ ነው፤ «ታዲያ ማኅበራችሁ ገንዘብ የለውም?» ያልከው። እንግዲህ ላስረዳህ። እዚህ አርባ ስምንት ቤት ነን። እያንዳንዳችን በወር ሦስት መቶ አሥር ዶላር እናዋጣለን። እሱ ለመብራት፣ ለመድን፣ ለአትክልተኛ፣ ለመዋኛው ውሃ ይሄዳል፤ ዓመቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ከዚህ ሌላ መጠባበቂያ የሚባል አለ። ጣሪያውም ምሰሶውም አንድ ቀን ማርጀታቸው ስለማይቀር ከአሁኑ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ለዚያ ቀን የሚቀመጥ፣ ማንም የማይነካው ገንዘብ ማለት ነው። ለዚህ በወር አንድ መቶ አርባ ዶላር መጨመር ነበረብን። ግን ነዋሪው በጃንዋሪው ስብሰባ እጁን አውጥቶ «ዘንድሮን እንለፈው» ካለ ማለፍ ይፈቀድ ነበር። እኛም አለፍነው። ድምፁ ሲቆጠር ይጨበጨባል፤ ከዚያ ኬክ ይቆረሳል። እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ዓመት አለፍን።

አሁን ጥገናው ሦስት ሚሊዮን ይፈጃል ተባለ። ለየቤቱ ሲካፈል ስልሳ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ነው፤ እስከ ሜይ መጀመሪያ። ካልከፈልኩ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። ባንክ ያለኝ ዘጠኝ ሺህ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። ለዚህ ሕንፃ ደግሞ የሚያበድር ባንክ የለም፤ ሦስት ቦታ ጠይቄ ሦስቱም ፈገግ ብለው ሸኙኝ።

ምድር ቤት የምትኖረው ኦቲ፣ ያቺ ባለ ኬኳ፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ሰማንያ ሰባት ሞላት።

የእማዬ ቤት እንዴት ነው? ጣሪያው የዘንድሮን በረዶ ቻለው?

እህትህ ቨርና


ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 6፣ 2023

ይድረስ ለእህት ዓለም ለቨርና፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አንዴ ቁጭ ብዬ፣ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ እየተሳደብኩ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «ምን ሆንክ?» ብሎኛል መሰለኝ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጣሪያ ላይ ኖርኩ። ሰው ማለት መኪናውን በየሳምንቱ እያጠበ ጣሪያውን አንዴም ቀና ብሎ የማያይ ፍጥረት ነው። እሱንስ ለመድኩት። ግን ጡረታ የወጣ መምህር፣ የጥርስ ሐኪም፣ የባንክ ሰው በሞላበት ሕንፃ «ኧረ ተዉ፣ ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? ገንዘብ ያዥ አልነበራችሁም እንዴ? ሌላው ባያውቅ ሂሳቡ እጁ ላይ ያለው እሱ አይደለም? ያንን ሰውዬ አንድ ቀን ብትሰጪኝ ጣሪያችሁ ላይ አውጥቼው፣ መሰላሉን ይዤበት እወርድ ነበር። እዚያው ያጨብጭቡለት! ኬኩንም በገመድ ይላኩለት!

አንቺ ደግሞ እዚያ ቢሮ «ትንሽ አግዛቸዋለሁ፣ ፖስታ አሽግላቸዋለሁ» ትዪኝ አልነበር? ምንም አልሸተተሽም? ይሁን፣ ፖስታ የሚያሽግ ሰው ምን ያደርጋል።

ስለ ጉልበቴ ዘለልክ ላልሽው፣ እንደ አሮጌ በር ሆኗል። ሲታጠፍ ይጮሃል አሉ፤ እኔ እንደሆነ አልሰማውም።

ቤቱን ጠይቀሽኛል። ቤቱ ቆሟል። ያንቺ ክፍል እዚያው ላይ ነው፤ ማንም አይገባበትም። ብር የለኝም ቨርና፣ ቢኖረኝ ታውቂኛለሽ። ግን ቤት አለሽ። ያንን የተበላ ምሰሶ ለሚፈልገው ሽጪለትና ነይ። የእማዬ ቤት የሁለታችንም ነው።

ወንድምሽ ዴልበርት


ዊምብረል ኮርት 214
ፌብሩዋሪ 20፣ 2023

ዴልበርት፤

ሰላምታው ይቆየን። ያ መሰላል የምትወስድበት ሰውዬ እኔ ነኝ።

ፖስታ አላሽግም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ያልነገርኩህ መጀመሪያ እንደ ጉራ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው፤ በኋላ ለምን እንዳልነገርኩህ አንተው ታውቀዋለህ።

ስማኝ እስቲ። ክላይድን የቀበርኩበት ዓመት ነው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ሂሳብ እንደሠራሁ ሰምተው መረጡኝ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ። የጣሪያውን ዕድሜ፣ የምሰሶውን ዕድሜ፣ የሊፍቱን ዕድሜ በሰንጠረዥ ሠርቼ፣ ሐምራዊ ቀሚሴን ለብሼ ቆምኩና «በወር አንድ መቶ አርባ እንጨምር» አልኩ። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ሃስከል ሳቀ። «ቨርናዬ፣ እኛ እኮ ሕንፃው ሳይወድቅ ቀድመን የምንወድቅ ሰዎች ነን!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ኦቲ ተነሳች። አልሳቀችም። «መቶ አርባ ዶላር ከተጨመረብኝ ወይ መድኃኒቴን ወይ ምሳዬን እተዋለሁ፤ የቱን ልተው?» ብላ እዚያው አለቀሰች። እኔን ጨምሮ ሰባት ሰው በእኔ ወገን፣ አርባ አንድ ሰው ከሃስከል ጋር ሆነ።

ያንን ክረምት ማንም ካርታ ጨዋታ አልጠራኝም። መዋኛው ዳር ስሄድ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ፎጣ ይቀመጥበታል፤ ባለ ፎጣው ግን አይመጣም። ባሌን ከቀበርኩ ገና ስምንት ወር ነበር ዴልበርት። ሰው ሲርቅህ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም፤ አንተ ሳትሰማም ታስቃቸዋለህ።

በዓመቱ እኔው ራሴ ተነሥቼ «ዘንድሮን እንለፈው» አልኩ። አጨበጨቡ። ቆመው አጨበጨቡ! ኦቲ የሎሚ ኬክ ጋግራ ስሜን በቢጫ ስኳር ጻፈችበት። ከዚያ ወዲያ በየጃንዋሪው የውክልና ወረቀቱን ይዤ ቤት ለቤት እዞር ጀመር፤ ላልመጣው እየፈረምኩ፣ ለታመመው እያስፈረምኩ። ወርሃዊው መዋጮ እንዳይጨምር ያደረገች ቨርና ናት ተባለ። ቨርና ታውቃለች ተባለ። አለማወቄ አይደለም ጥፋቴ፤ ማወቄ ነው። ሰንጠረዡ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በየዓመቱ «ለከርሞ እነግራቸዋለሁ» እላለሁ፤ ከርሞም ይመጣል፣ ኬኩም ይመጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

መሐንዲሱ ያኔ ምሰሶውን ብትነኩት አሥር እጅ በቀነሰ ነበር ብሎ በሰው ፊት ሲናገር ሃስከል ዞሮ አየኝ። ያ ሳቂታ ሰውዬ! «እኛ ምን እናውቃለን፣ ሂሳቡን የያዘችው እሷ ናት» አለ። አሁን በሬ ላይ ወረቀት እየለጠፉ ይሄዳሉ። የተጻፈበትን አልነግርህም።

ቤቱን እገዛለሁ የሚል ኩባንያ ወረቀት ልኮልኛል፤ ልፈርም ወይስ ልጠብቅ? ነይ ብለኸኛል። በምን ፊቴ ልምጣ? ከፈለግህ መሰላሉን ውሰደው።

ቨርና


ኦሃዮ
ማርች 3፣ 2023

ይድረስ ለእህቴ፤

መሰላሉን መልሼ አቁሜዋለሁ። ቀስ ብለሽ ውረጂ። ሦስተኛው መርገጫ ላልቷል፤ ተጠንቀቂ።

ያልኩትን ሁሉ በላሁት። ምላሴን ምን አሠራው? አርባ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ሲያበቃ አንቺን ብቻ ነው እንዴ የሚያዩት? ያንን ሃስከል የተባለውን አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ባገኘሁት። አይ፣ ይቅር፤ መሰላል በሰው ላይ መውሰድ ትቻለሁ። ስለ ጣሪያ ከተነሣ ንጹሕ ሰው የለም ቨርና። ይህንን እንደ ዋዛ አትዪው።

በምን ፊቴ ብለሻል። ባለሽ ፊት ነያ! ሌላ ፊት ከየት ታመጫለሽ? እኔም የማየው የለመድኩትን ነው።

«ወረቀቱን ልፈርም ወይስ ልጠብቅ?» ለሚለው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አውቃለሁ። የሚጠበቅ ነገር ካለ ጠብቂ። ከሌለ ግን በሐራጅ ከሚያዋርዱሽ በፊት ሽጪ።

ኦቲ ምን ሆነች? ስላለቀሰችው ነገርሽኝ፣ ስለ ኬኩ ነገርሽኝ፣ ስለ ዛሬዋ ኦቲ ግን አንዲት ቃል የለም። አንቺም ስትዘዪ አውቅብሻለሁ።

ዴልበርት


ዊምብረል ኮርት 214
ኤፕሪል 18፣ 2023

ይድረስ ለወንድሜ፤

ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም በማለቴ ተቀይመኸኝ ይሆናል። አትቀየመኝ። ስለ ኦቲ ስለጠየቅኸኝ ነው የዘገየሁት።

ኦቲ መክፈል አልቻለችም። ሚኔሶታ ያለው ልጇ ስልክ አላነሳም። ቤቷን ለማኅበሩ ለቀቀችና መንግሥት የሚከፍልለት የአዛውንቶች ቤት ገባች፤ ሁለት አልጋ በአንድ ክፍል፣ ከማታውቃት ሴትዮ ጋር። በሄደችበት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሊፍቱ ዝግ ነው ብዬሃለሁ አይደል? በዚያ ዕድሜዋ ደረጃውን በእግሯ ወጥታ ነው የመጣችው። ልትረግመኝ መስሎኝ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። እሷ ግን አቀፈችኝ። «ቨርናዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት በቤቴ አኖርሽኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

ብትተፋብኝ ይሻለኝ ነበር! እውነቴን ነው የምልህ። ያን ዓመት መቶ አርባውን ተካፍለን ብንችልላት፣ እኔና እነዚያ ስድስቱ ብቻ እንኳ ብንሸፍንላት፣ ዛሬ በራሷ አልጋ ነበረች። ይህንን አሁን ነው ያሰብኩት። አሥራ አንድ ዓመት ኬኳን እየበላሁ አንድ ቀን አላሰብኩትም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። የነገረኝ ሃስከል ነው፤ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆመን፣ የመብራት ደረሰኙን እየቀደደ። ቀብሯ ላይ አልሄድኩም። ሄጄስ ምን እላለሁ?

እኔም ፈረምኩ። ያ ኩባንያ ቤቶቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። ድሮ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ያወጣ የነበረውን ቤት በሰባ አንድ ሺህ። የጥገናው መዋጮ ከላዩ ይቆረጣል፤ የጠበቃና የዕቃ ጫኚ ሲከፈል ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ይተርፈኛል። የባንኩን ዘጠኝ ሺህ አትጠብቅ፤ በነዚህ ወራት ለመኖር በላሁት። ቁልፉን ሜይ 29 አስረክባለሁ። ከዚያ ወዲያ ዓለም ላይ ያለኝ ቤት የእማዬ ቤት ነው።

አንዲት ነገር ብቻ መልስልኝ፤ አዎ ወይም አይ በለኝ። በ2014 ከክላይድ መድን ላይ ለጣሪያው ብዬ የላክሁልህ አራት ሺህ ዶላር ጣሪያው ላይ ውሏል አይደል? ክፉ አስቤ አይደለም። ከእንግዲህ ኮርኒስ እያየሁ መተኛት ስለማልችል ነው።

ቨርና


ኦሃዮ
ሜይ 27፣ 2023

ቨርና፤

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ይህን አራተኛውን ሳላነበው አሽገዋለሁ።

መልሱ አይ ነው።

ቤቱ ቆሟል ብዬሽ ነበር፤ ቆሟል። ክፍልሽ ውስጥ ማንም አይገባም ብዬሽ ነበር፤ አይገባም። የማይገባው ኮርኒሱ አልጋሽ ላይ ስለወረደ ነው። የዛሬ ሦስት ክረምት። ያንቺ ክፍል አሁን ሰማይ ነው የሚታይበት።

ያ አራት ሺህ ማርዴል ታማ ሆስፒታል ስትመላለስ አለቀ። ሚስቴን ለማሳከም አጠፋሁት ብዬ ብነግርሽ አንዲት ቃል እንደማትናገሪኝ አውቅ ነበር። ያልነገርኩሽ በኩራቴ ነው። አርባ ዓመት የሰው ጣሪያ የከደነ ሰው የእናቱ ቤት ያፈሳል ሲባል! ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ። በየፀደዩ ወጥቼ አንድ ሰማያዊ ሸራ እጨምርበታለሁ፤ «ዘንድሮን ልለፈው» እላለሁ። አየሽ? ቃሉ ራሱ! ያንቺን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ የተሳደብኩት ማንን መሰለሽ? እኔ ጋ ሃስከል የለ፣ ኦቲ የለች፣ የሚያጨበጭብ የለ። ብቻዬን ነው ያሳለፍኩት።

ነይ ያልኩሽ የምትመጪ ስላልመሰለኝ ነው። ይህንንም ልንገርሽ እንጂ።

ኤፕሪል ላይ ጣሪያውን የተሸከመው ዋናው አግዳሚ እንጨት ተሰነጠቀ። የከተማው ሰው መጥቶ አየና በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈ፤ እስከ ጁን መጨረሻ ቤቱን ልቀቅ ይላል። እኔ የማደርገው ባጣ ወጥ ቤት ምድጃው ሥር ተኝቻለሁ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ መጥቶ የጥገናውን ዋጋ ገመተልኝ፤ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብሎ ሲጽፍልኝ አቀርቅሮ ነበር። እጄ ላይ አራት መቶ ዶላርና የማይታጠፍ ጉልበት አለኝ።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ ቁልፉን አታስረክቢ። አስረክበሽ ከሆነም ወደዚህ አትምጪ። ለጥቂት ቀን የሚያስጠጋሽ ሰው ፈልጊ፤ እኔም የሆነ ነገር እፈልጋለሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ግን እዚህ አትምጪ።

አሁን መሰላሉን አንቺ ውሰጂው።

ዴልበርት


አትላንታ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ
ሜይ 31፣ 2023

ይድረስ ለወንድሜ ለዴልበርት፤

ከመናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዬን ጠረጴዛ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ እርጅናዬን አትውቀስ።

ቁልፉን ሰኞ ዕለት አስረከብኩ። የፖስታ ሳጥኑንም ቁልፍ አብሬ ሰጠሁ። በዚህ ሳምንት የጻፍክልኝ ነገር ካለ አልደረሰኝም፤ ተመልሶ እጅህ ይገባል፤ እኔው ስመጣ ታነብልኛለህ። ማንም አልሸኘኝም። የኦቲ ቤት በር ላይ አዲስ ቁልፍ ገጥመውበታል።

ስለ አራቱ ሺህ ለጠየቅሁህ አልመለስክልኝም። እኔው መለስኩት። ዝም ካልክ አዎ ማለት ነው፤ አንተ የማይረባ ጥያቄ ስትጠየቅ ድሮም ዝም ትላለህ። ስለጠረጠርኩህ ይቅር በለኝ። ሰው ራሱ ሲያጠፋ ሌላውም ያጠፋ ይመስለዋል።

ኬንታኪ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋ አንድ ሳምንት እቆያለሁ፤ ጁን 8 ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። መኪና ይዘህ አትምጣ፤ በዚያ ጉልበትህ። ታክሲ እይዛለሁ።

አውቶቡሱ ላይ ሆኜ ያሰብኩትን ልንገርህ፤ እንዳትስቅ። ያቺን ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር አንነካትም። በሁለታችን ስም እናስቀምጣታለን፤ ደብተሩ ላይ «የእማዬ ጣሪያ» ብለን እንጽፋለን። ከጡረታችን በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ እንጨምርባታለን። አሁን ጣሪያው ደህና ነው፤ ግን አንድ ቀን ማርጀቱ አይቀርም፤ ያኔ እንደ ዊምብረል አንሆንም። ዘንድሮን እንለፈው የሚል ቢኖር ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። አንተም ብትሆን!

ከኖቬምበር ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንድ ነገር በሰዓቱ ያደረግሁ መሰለኝ። አውቶቡሱ ሞተር አስነሳ፤ ልሂድ።

ክፍሌ ተዘግቶ ስለከረመ ይታፈናል። እስክመጣ ከፈት አድርግልኝ፤ ትንሽ አየር ይግባበት።

እህትህ ቨርና